ስለ ሸሚዝ ኮሌታ መደገፊያ፤ አስፈላጊነቱና አያያዙ

ደንበኛ ወደ ሱቅ በገባ ጊዜ የዕቃውን ዋጋ ከመጠየቁ አስቀድሞ የሻጩን ፊት ያያል፤ ከፊቱም ቀጥሎ ዓይኑ የሚያርፈው በአንገቱ ላይ ነው። ኮቱ የተጠረገ፣ ጫማው የተወለወለ ቢሆን እንኳ የሸሚዙ ኮሌታ አንዱ ጫፍ ወደ ላይ ተቀልብሶ፣ ሁለተኛውም ወደ ጎን ተጣሞ የታየ እንደ ሆነ፣ ለቀረው የተደከመው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆነው ነገር ርዝመቱ ከአንድ ጣት የማይበልጥ፣ ክብደቱ ከቁጥር የማይገባ፣ በኮሌታው ጀርባ ተሸሽጎ የሚኖር ቁራጭ ነው። ከዓይን የተሰወረ በመሆኑም ብዙ ሸሚዝ ገዥዎች፣ እንዲያውም አንዳንድ ሸሚዝ ሻጮች፣ መኖሩን ሳያውቁ ሸሚዙን ያጥቡበታል፣ ይተኩሱበታል፣ በመጨረሻም ይጥሉታል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በቁንዝላ ከተማ በአንድ ነጋዴ ቤት ደብዳቤና ሒሳብ የሚጽፍ ሰው ነው። የተሰፋ ልብስ ከሌላው ሸቀጥ ጋር በሚሸጥበት በዚህ ቤት፣ ስለ ኮሌታ መጣመም የሚጠይቁ ደንበኞች ብዙ በመሆናቸው፣ ጉዳዩን ለነጋዴ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በዝርዝር ማስረዳት ጠቃሚ ሆኖ ታይቶናል። ጥያቄው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ይህን መደገፊያ መጠቀም ይገባልን? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ የሚገባ ከሆነ ሸሚዙን ሳይጎዱ እንዴት ይጠቀሙበታል? የሚል ነው። ነገሩ በገበያችን አንድ የጸና ስም ስላልወጣለት በዚህ ጽሑፍ «የኮሌታ መደገፊያ» ብለን እንጠራዋለን።

ነገሩ ምን እንደ ሆነ

የኮሌታ መደገፊያ ቀጭን፣ ጠፍጣፋና ቀጥ ያለ ቁራጭ ሲሆን አንደኛው ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ሁለተኛው ጫፉ ክብ ነው። ወርዱ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ነው። ለአንድ ሸሚዝ ሁለት ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ለቀኙ፣ ሌላው ለግራው ጫፍ። ኮሌታውን ቀና አድርገን ጀርባውን ብንመለከት፣ በደንብ በተሰፋ ሸሚዝ ላይ ከእጥፋቱ አጠገብ ጀምሮ እስከ ጫፉ ድረስ በሰያፍ የወረደ ጠባብ ኪስ እናገኛለን። መደገፊያው በዚህ ኪስ ውስጥ ሾጣጣው ጫፍ ቀድሞ ይገባል። ኮሌታው ወደ ታች በተመለሰ ጊዜ መደገፊያው በሁለት ጨርቅ መካከል ስለሚቀር ከውጭ አይታይም።

በሸሚዞች ላይ ሦስት ዓይነት አሠራር ይገኛል። የመጀመሪያው መደገፊያው የሚገባበትና የሚወጣበት ኪስ ያለው ነው። ሁለተኛው የፕላስቲክ መደገፊያ በውስጡ ተሰፍቶ የተዘጋበትና ሊወጣ የማይችል ነው። ሦስተኛው ኪስም መደገፊያም የሌለው፣ ቀጥ ብሎ መቆሙ በውስጡ ባለው ጠንካራ ጨርቅ ላይ ብቻ የተመሠረተ ነው። ሸሚዝ ሲገዙም ሆነ ሲሸጡ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል፤ አያያዙ እንደ ዓይነቱ ይለያያልና።

ኮሌታ ስለ ምን ይጣመማል

መድኃኒቱን ከማወቅ በፊት የበሽታውን ምክንያት ማወቅ ይበጃል። ኮሌታ ከአንድ ጨርቅ የተሠራ አይደለም። በፊቱ አንድ፣ በጀርባው አንድ፣ በመካከላቸውም ቅርጹን የሚጠብቅ ጠንከር ያለ ሌላ ጨርቅ አለ። እነዚህ ሦስት ጨርቆች በውሃና በሙቀት እኩል አይኮማተሩም። የውስጡ ከውጭው ይልቅ የተኮማተረ እንደ ሆነ ወይም የጀርባው ከፊቱ ይልቅ የሰፋ እንደ ሆነ፣ ጫፉ ወደ አንድ ወገን መቀልበሱ የማይቀር ነው። ዛሬ በብዙ ፋብሪካዎች የውስጡ ጨርቅ በሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ ይያያዛል፤ ሙጫው በከፍተኛ ሙቀት ሲላቀቅም የኮሌታው ፊት እንደ ውሃ አረፋ ይነፋል። ይህን ዓይነት ጉዳት መደገፊያ አያድነውም።

ከዚህም በቀር ኮሌታን የሚገፉ የዕለት ተዕለት ነገሮች አሉ። የከረባት ቋጠሮ ከፍ ያደርገዋል፤ ኮት ከጎኑ ይገፋዋል፤ ላብና እርጥበት ያለሰልሱታል። እኛ በጣና ዳር የምንኖር ሰዎች ደግሞ ሌላ ጭንቅ አለብን። በክረምት ወራት የታጠበ ልብስ ፈጥኖ አይደርቅም፤ ብዙ ጊዜም እርጥበቱ ሳይወጣ ተተኩሶ ይለበሳል። እንዲህ ያለው ኮሌታ በካውያ ሥር ቀጥ ብሎ ቢታይም፣ በሰውነት ላይ ሆኖ በሚደርቅበት ጊዜ እንደ ፈለገው ይታጠፋል። ከቁንዝላ ወደ ባሕር ዳር በጀልባ የሚጓዝ ሰው በሐይቁ ነፋስና ርጭት ውስጥ ጥቂት ሰዓት ቢቆይ፣ ከቤቱ ሲወጣ የነበረውን ኮሌታ ይዞ ወደ ጉዳዩ አይደርስም።

ነገሩ ከየት መጣ

የአባቶቻችን ልብስ ይህን ችግር አያውቅም። እጀ ጠባብ አንገቱ ቀጥ ብሎ የሚቆም እንጂ ወደ ታች የሚመለስና ጫፍ ያለው አይደለም፤ በላዩም ኩታ ወይም ነጠላ ይደረባል። ጫፍ የሌለው ኮሌታ መደገፊያ አይፈልግም። ችግሩ የመጣው ወደ ታች ከሚመለሰው የአውሮጳ ሸሚዝ ጋር ነው።

በአውሮጳና በአሜሪካም ቢሆን የኮሌታ ነገር ብዙ ያስቸገረ ነበር። እንደሚነገረው እ.ኤ.አ. በ1827 በኒው ዮርክ ግዛት በትሮይ ከተማ ሐና ሎርድ ሞንታግዩ የተባለች የቤት እመቤት፣ የባሏ ሸሚዝ ሳይቆሽሽ ኮሌታው ብቻ ስለሚቆሽሽ፣ ሙሉ ሸሚዝ ከማጠብ ብላ ኮሌታውን ቆርጣ ለብቻው አጠበችው። ከዚህ በኋላ ከሸሚዙ የሚነጠል ኮሌታ መሥራት በዚያች ከተማ ታላቅ ንግድ ሆነ፤ ትሮይም እስከ ዛሬ «የኮሌታ ከተማ» ተብላ ትጠራለች። ያ ኮሌታ በስታርች ደርቆ እንደ ሰሌዳ የጠነከረ ስለ ነበር መደገፊያ አያስፈልገውም ነበር፤ ነገር ግን አንገት ይፍቅ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰዎች ከሸሚዙ ጋር የተሰፋውን ለስላሳ ኮሌታ መረጡ። ለስላሳው ኮሌታ አንገትን ቢያሳርፍም ጫፉ የሚጣመም ሆነ። መደገፊያው በሰፊው የተለመደው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አገራችንን የሚነካ አንድ ነገር አለ። ጆን ማኒንግ ቫን ሂውሰን የተባለ ሰው በራሱ የሚታጠፍ ለስላሳ ኮሌታ አሠራር ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1919 የባለቤትነት መብት አገኘበት። የፊሊፕስ ቤተሰብ ኩባንያም ይህን ኮሌታ ተቀብሎ እ.ኤ.አ. በ1921 ለገበያ አቀረበው። ይህ የፊሊፕስ ቤት እ.ኤ.አ. በ1881 በፔንሲልቫኒያ ለድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ሸሚዝ በመሸጥ የተጀመረ ሲሆን፣ በኋላ ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው ታላቅ ኩባንያ ሆነ። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመርቆ ወደ ተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከገቡት ዋና ዋና ኩባንያዎች አንዱም ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ በኅዳር 2014 ዓ.ም. በዚያ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮም ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ወጣች። ከአንድ ኮሌታ አሠራር የተነሣ ንግድ እስከ ሐዋሳ መድረሱ፣ ትንሽ የምትመስል ነገር በንግድ ዓለም ምን ያህል እንደምትሠራ ያሳያል።

የሚያስፈልገውና የማያስፈልገው ሸሚዝ

መደገፊያ ለሁሉም ሸሚዝ ያስፈልጋል ማለት ስሕተት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ጫፉ በትንሽ ቁልፍ ከሸሚዙ ደረት ጋር የሚያያዘው ኮሌታ አያስፈልገውም፤ ቁልፉ የመደገፊያውን ሥራ ይሠራልና። ይህን ዓይነት ኮሌታ እንደሚነገረው የእንግሊዝ የፈረስ ጉግስ ተጫዋቾች ኮሌታቸው ፊታቸውን እንዳይመታ ሲቈልፉት አይቶ፣ ብሩክስ ብራዘርስ የተባለው የአሜሪካ ልብስ ቤት እ.ኤ.አ. በ1896፣ ይኸውም እኛ በአድዋ ድል ባደረግንበት ዓመት፣ ለገበያ አወጣው። ሁለተኛ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆምና የማይታጠፍ አንገት ያለው ሸሚዝ አያስፈልገውም። ሦስተኛ፣ ሹራብ መሰል ጨርቅ ያለው የሥራና የስፖርት ሸሚዝ አያስፈልገውም። አራተኛ፣ የኮሌታው ጫፍ በጣም አጭርና ክብ የሆነ እንደ ሆነ ለመደገፊያ ቦታ አይኖረውም።

የሚያስፈልገው እንግዲህ ወደ ታች የሚመለስ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለና ያልተቈለፈ ኮሌታ ያለው የክት ሸሚዝ ነው። በተለይም ጨርቁ እንደ ፖፕሊን ስስ የሆነ እንደ ሆነ፣ ጫፉም ረዘም ያለ ወይም ወደ ጎን ሰፊ ሆኖ የተከፈተ እንደ ሆነ፣ ያለ መደገፊያ አይቆምም።

አንዳንድ ወጣቶች «ከረባት ማሰር እየቀረ ነውና መደገፊያ ምን ያደርግልናል?» ሲሉ ይሰማል። ነገሩ ግን እነሱ እንዳሰቡት ሳይሆን የተገላቢጦሽ ነው። ከረባት ሲታሰር ቋጠሮውና ኮቱ ኮሌታውን ከሁለት ወገን ይዘው ያቆሙታል። ከረባት ሳይታሰር የላይኛው ቁልፍ ሲከፈት ግን ኮሌታው የሚይዘው የለውምና ይተኛል፤ ወደ ጎንም ይሸሻል። ስለዚህ ያለ ከረባት ለሚለብስ ሰው መደገፊያው የበለጠ ያስፈልገዋል።

በሌላ ወገን ደግሞ አረጋውያን አባቶቻችን «እኛ ያለዚህ ኖረናል» ቢሉ እውነታቸውን ነው። እጀ ጠባባቸውና ነጠላቸው ምንም ሳይጨመርበት ሙሉ ክብር አለው። መደገፊያ የሚያስፈልገው የመረጥነው ልብስ ስለሚጠይቀው እንጂ ክብር በራሱ ከኮሌታ ጫፍ ስለሚመጣ አይደለም።

ከምን ይሠራል

በሸሚዝ ውስጥ ገብቶ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ርካሽና ቀላል ነው፤ አይዝግም፤ ነገር ግን በሙቀት ይጣመማል፤ አንዴ የተጣመመውም ኮሌታውን አብሮ ያጣምማል። የነሐስ መደገፊያ ክብደት ስላለው ጫፉን ወደ ታች ይስባል፤ በእጅ ቀስ ብሎ ማጉበጥ ስለሚቻልም ከአንገት ቅርጽ ጋር ይስማማል። የማይዝግ ብረት ከሁሉ ይበረታል፤ ቢሆንም አይጎብጥም። ተራ ብረት ግን በእኛ አገር በሐይቅ ዳር እርጥበት ፈጥኖ ይዝጋል፤ የዝገት ቡናማ ምልክት ደግሞ በነጭ ሸሚዝ ላይ ከወጣ በኋላ በሳሙና አይለቅም። ስለዚህ ተራ ብረት ከቶ አይመከርም። ከቀንድና ከዛጎል የሚሠሩም አሉ፤ እነዚህ ቀላልና ለስላሳ ሲሆኑ ከወደቁ ይሰበራሉ።

ከብርና ከወርቅ የተሠሩም በውጭ አገር ይሸጣሉ። ለሠርግ ስጦታ ይሆኑ እንደ ሆነ እንጂ ለሥራ ቀን ከነሐሱ የበለጠ ጥቅም የላቸውም። ማንም ለማያየው ጌጥ ብዙ ገንዘብ ማውጣት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል። ማግኔት ያለባቸውም አሉ፤ እነዚህ በሸሚዙ ውስጥ በሚቀመጥ ሌላ ማግኔት ኮሌታውን ከደረት ጋር ያጣብቃሉ። ነገር ግን የልብ ምትን የሚያስተካክል መሣሪያ በሰውነቱ የተተከለለት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር በእነዚህ እንዳይጠቀም እናሳስባለን።

ልኩን ስለ ማወቅ

መደገፊያ ሸሚዝን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ልኩ ሳይጠበቅ ሲገባ ነው። በገበያ የሚገኙት በኢንች የሚለኩ ሲሆኑ የተለመዱት 2፣ 2¼፣ 2½፣ 2¾ እና 3 ኢንች ናቸው፤ በሳንቲሜትር 5.1፣ 5.7፣ 6.4፣ 7.0 እና 7.6 ያህል ይሆናሉ። ትክክለኛውን ለማወቅ ከኪሱ አፍ ጀምሮ እስከ ኮሌታው ጫፍ መስፊያ ድረስ በማስመሪያ ይለካል፤ ከዚያም ላይ 3 ሚሊሜትር ያህል ይቀነሳል። የቀረው ቁጥር የመደገፊያው ርዝመት ነው።

መደገፊያው ከልኩ የረዘመ እንደ ሆነ ጫፉ ሁልጊዜ ጨርቁን ይወጋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ጫፉን በስቶ ይወጣል። ሸሚዝ አንገቱ ላይ ከተበሳ ከክትነት ወደ ጓዳ ልብስነት ይወርዳል። ከልኩ ያጠረ እንደ ሆነ ደግሞ በኪሱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፤ የኮሌታው ጫፍም ከመደገፊያው በታች ይታጠፋል፤ ይህም ከነጭራሹ ካለመኖሩ ይልቅ የከፋ መልክ ይሰጣል። የመደገፊያው ጠርዝ ሻካራ መሆን አለመሆኑን በጣት መዳሰስም ተገቢ ነው። የሻከረ ጠርዝ የኪሱን ክር እየፈተገ ይበጥሳል፤ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ቢሞረድ ይለሰልሳል።

ስለ አገባቡ፣ ስለ አጠባውና ስለ አተኳኰሱ

በሥርዓት ለሚጠቀም ሰው ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ሸሚዙ ወደ አጠባ ከመሄዱ በፊት ሁለቱም መደገፊያዎች ይውጡ። በመታጠቢያ ውስጥ የቀረ ብረት ኪሱን ቀዶ ይወጣል፤ በልብስ ማጠቢያ መኪና ውስጥ ከሆነም መኪናውን ሊያበላሽ ይችላል። የወጡት መደገፊያዎች በባዶ ክብሪት ቤት ወይም በትንሽ ቆርቆሮ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይቀመጡ። አንዱ ከጠፋ ሌላው ዋጋ የለውምና።

2ኛ፤ ኮሌታው ሲታሽ ከጫፍ ወደ መካከል ይታሽ እንጂ አይጠምዘዝ። ሲሰጣም ተዘርግቶ እንጂ ተጨማድዶ አይሰጣ።

3ኛ፤ በመተኮስ ጊዜ መጀመሪያ የኮሌታው ጀርባ፣ ቀጥሎ ፊቱ ይተኮስ። ካውያው ከሁለቱ ጫፎች ወደ መካከል ይሂድ። ከመካከል ወደ ጫፍ ቢነዳ የተረፈው ጨርቅ በጫፉ ላይ ተከማችቶ ይጨማደዳል፤ ይህም ራሱ አንድ የመጣመም ምክንያት ነው።

4ኛ፤ መደገፊያው በውስጡ ሳለ ፈጽሞ አይተኮስ። ፕላስቲክ ይቀልጣል ወይም ይጣመማል፤ ብረትም ቢሆን ቅርጹን በኮሌታው ፊት ላይ አትሞ የሚያብለጨልጭ ምልክት ይተዋል። በከሰል ካውያ የሚተኩሱ ሰዎች የሙቀቱን መጠን በቁልፍ መቀነስ ስለማይችሉ በተለይ ይጠንቀቁ።

5ኛ፤ መደገፊያው ተሰፍቶ የተዘጋበት ሸሚዝ ከሆነ፣ ቦታው በጣት ተዳስሶ ይታወቅ፤ ካውያው በረድ ብሎ በጀርባው በኩል ብቻ ይለፍ፤ በመደገፊያው ላይም ተጭኖ አይቆይ።

6ኛ፤ ኮሌታው ከተተኮሰ በኋላ ፈጽሞ እስኪደርቅና እስኪበርድ ጥቂት ይቆይ፤ ከዚያ በኋላ መደገፊያው ሾጣጣውን ጫፍ አስቀድሞ እስከ መጨረሻው ይግባ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በጥድፊያ ትኩስና እርጥብ ሆኖ የገባ ኮሌታ በመንገድ ላይ ይፈታል።

ኪስ የሌለው ሸሚዝና የጠፋ መደገፊያ

ኪስ በሌለው ሸሚዝ ላይ መደገፊያ ለመጠቀም የፈለገ ሰው ወደ ልብስ ሰፊ ሄዶ በኮሌታው ጀርባ ላይ ከስስ ነጭ ጨርቅ ጠባብ ኪስ በእጅ ማሰፋት ይችላል። ስፌቱ የጀርባውን ጨርቅ ብቻ መያዝ አለበት፤ ወደ ፊት ያለፈ እንደ ሆነ ክሩ በውጭ ይታያል። አዲስ ሸሚዝ በልኩ የሚያሰፋ ሰው ግን ኪሱ ኮሌታው ሳይገጣጠም አብሮ እንዲሰፋ አስቀድሞ ለሰፊው ይንገረው፤ ይህ ቀላልም የጸናም ነው።

መደገፊያው የጠፋበት ሰው በችኰላ ጊዜ ከጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ቁራጭ በልኩ ቆርጦ፣ ጠርዙን አለስልሶ ሊጠቀም ይችላል። ወፍራም ወረቀትም ለአንድ ቀን ያገለግላል፤ ላብና እርጥበት ሲነካው ግን ይለሰልሳል። መርፌ ቁልፍ ወይም የወረቀት መያዣ ሽቦ ግን ፈጽሞ አይግባ፤ አንዱ ይበሳል፣ ሌላው ይዝጋል።

ለነጋዴው የሚኖረው ጥቅም

እስካሁን የተናገርነው ለለባሹ ነው፤ አሁን ደግሞ ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ መደገፊያቸው የሚወጣ 60 ሸሚዞች ቢያመጣ፣ ከእነርሱ ጋር 120 መደገፊያዎች መምጣት አለባቸው። ብዙ ነጋዴ ሸሚዙን ይቈጥራል እንጂ መደገፊያውን አይቈጥርም። ከ60ው በ10 ሸሚዝ ላይ አንድ አንድ ቢጎድል፣ የተመለሰ ደንበኛ፣ የተቀነሰ ዋጋና የተነቀፈ ስም ሊያገኘው ይችላል፤ የጎደለው ግን ዋጋው ከሸሚዙ ጋር ሲመዘን እጅግ ያነሰ ቁራጭ ነው። የተነቀፈ ስም ደግሞ በትንሽ ከተማ ከሁሉ የሚከብድ ኪሳራ ነው፤ ባለ ሱቅና ገዥ በገበያም በለቅሶም በሠርግም ይገናኛሉና።

ስለዚህ ነጋዴው ዕቃ ሲረከብ ጥቂት ሸሚዞችን መርጦ ኮሌታቸውን በሁለት ጣት ይዳስስ፤ ኪስ መኖሩን፣ መደገፊያው መኖሩንና መቀጠኑን ይመልከት። የጎደለ ቢያገኝ ከጅምላ ሻጩ ጋር በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ሲሸጥም ለገዥው «ይህን ከማጠብዎ በፊት ያውጡት» ብሎ አውጥቶ ያሳይ። ይህን ለመናገር ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ነገር ግን ብዙ ሸሚዝ ከመበላሸት ያድናል። ደግሞም ተጨማሪ ጥንድ መደገፊያዎችን በልዩ ልዩ ልክ በሱቁ ቢያስቀምጥ፣ ከሸሚዙ ጋር የሚሸጥ ሌላ ዕቃ ያገኛል። ልባሽ ጨርቅ ሆነው በሚመጡ ሸሚዞች ውስጥ ኪሱ እንጂ መደገፊያው ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ፣ ለእነዚህ ባለቤቶችም ይጠቅማል።

ይህን ያህል ስለ ኮሌታ መናገር ከመጠን ያለፈ ለሚመስለው ሰው አንድ ነገር እናስታውሰው። ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሥራ ለማግኘት ለፈተና የሚቀርብ ወጣት ብዙ ጊዜ ያለው የክት ሸሚዝ አንድ ብቻ ነው። ያንን ሸሚዝ ወላጆቹ ከእህል ወይም ከከብት ሽያጭ ገዝተውለት ይሆናል። በማያውቀው ምክንያት በመጀመሪያው ትኩስ ካውያ ቢበላሽበት፣ ሌላ ለመግዛት ሌላ መከር መጠበቅ አለበት። ለእርሱ አንድ ጥንድ መደገፊያና አንድ ቅን ምክር ትልቅ ነገር ነው።

በአገር ውስጥ ስለ መሥራት

ይህ ዕቃ ለመሥራት የሚያስቸግር አይደለም። የአገራችን ቀንድ ሠሪዎች ቀንድን በእሳት አለስልሰው ዋንጫ ማውጣት ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁ ናቸው፤ ነሐስ ሠሪዎችም የመስቀልና የጽናጽል ሥራ ያውቃሉ። ከዋንጫ ሥራ የሚተርፈው የቀንድ ቁራጭ ተጠርቦና ተለስልሶ የኮሌታ መደገፊያ ሊሆን ይችላል። ዕቃው ለእንግዳ ስጦታ፣ ለሠርግ ወይም ለዩኒቨርሲቲ ምርቃት በሥርዓት ታሽጎ ቢቀርብ ገዥ የሚያጣ አይመስለንም።

ባሕር ዳርም ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ከጣሊያን በተገኘው የጦር ካሣ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማዋን ከሸማ ወደ ፋብሪካ ጨርቅ አሸጋግሯታል። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ተቋምም የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ያስተምር ነበር፤ ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። በእኛ በኩል ያሉ ልብስ ሰፊዎችና በዚያ ያሉ መምህራን ቢገናኙ፣ ኮሌታን ከነውስጡ፣ ከነኪሱና ከነመደገፊያው አሳምሮ መስፋት የሚያስችል ትምህርት ወደ ወረዳ ከተሞች ሊደርስ ይችላል። ሸሚዝ ከሌላው ልብስ ሁሉ ይልቅ የሰፊውን እጅ የሚፈትነው በኮሌታው ነውና፣ ኮሌታውን ያወቀ ሰፊ የቀረውን አያቅተውም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ወደ ታች የሚመለስና ያልተቈለፈ ጫፍ ያለውን የክት ሸሚዝ የሚለብስ ሰው መደገፊያ ቢጠቀም ይገባዋል፤ ለሌላው ልብስ ግን አያስፈልገውም። ለሁለተኛው ጥያቄም መልሱ አጭር ነው፤ በልኩ ይመረጥ፣ ከአጠባና ከካውያ በፊት ይውጣ፣ ኮሌታው ከደረቀ በኋላ ይግባ፣ ጥንዱም በአንድ ቦታ ይጠበቅ። ነጋዴዎቻችን ከሚቀጥለው የሸሚዝ ግዢያቸው ጀምረው በደረሰኛቸው ላይ ከሸሚዙ ቍጥር አጠገብ የመደገፊያውንም ቍጥር እንዲጽፉ እንመክራለን።